እርሻው የማን ነው?

ደቦ ሲጠራ እርሻው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሰው ያጭዳል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ምርቱ የባለቤቱ ነው። ብዙ ሰው ተሰባስቦ ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው፣ አገራቸውን የሚገነባላቸው የቪዲዮ ጌሞች ግን ደቦን የሚመስሉት እስከ አጨዳው ድረስ ነው። እርሻው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆነው፣ አሁንም አልለየለትም።

የነገሩ መነሻ እውነተኛ ዋሻ ነው። ዊል ክራውዘር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ የኢንተርኔት ቅድመ አያት ለሆነው አርፓኔት ፕሮግራም ከሚጽፉት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ዕረፍቱን የሚያሳልፈው ከሚስቱ ከፓትሪሺያ ጋር በኬንታኪ ማሞዝ ዋሻ ውስጥ እየዳኸ ካርታ በማንሳት ነው። ትዳራቸው ሲፈርስ፣ በ1975 እና በ1976 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለሁለቱ ሴት ልጆቹ መጫወቻ ብሎ ያንን ዋሻ ኮምፒውተር ላይ በቃላት ሠራው። ሥዕል የለውም። ማሽኑ የቆሙበትን ቦታ ይነግርዎታል፤ እርስዎ «ሰሜን»፣ «ፋኖሱን አንሳ» እያሉ በአንድ ሁለት ቃል ያዛሉ።

ከዚያ ጌሙን ስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ አገኘው። ሊያሰፋው ፈለገ፤ የደራሲውን አድራሻ ግን አያውቅም። ምን አደረገ? በመረቡ ላይ ወዳሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ፣ «ክራውዘር» ለሚባል ሰው፣ መልእክት ላከ። ክራውዘር ደረሰውና ኮዱን ሰጠው። በ1977 ዓለም የተቀባበለው ጌም የሁለቱ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ዋሻውን አውቆት፣ ሁለተኛው ፈቃድ ጠይቆ። ከዚህ በኋላ በመጡት ብዙ ጭቅጭቆች የጠፋው ይህ ፈቃድ መጠየቅ ይመስለኛል።

በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ ሙድ የተባለውን ጌም ጀመረ፤ ኋላ ሪቻርድ ባርትል ተረከበው። አዲሱ ነገር ዓለሙ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩ ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል፦ ለእኛ «ጨዋታ» ወግም ነው። የሙድ ሰዎችም ሀብት እየፈለጉ ያመሻሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ያወራሉ። ዓለሙን ማስፋት ግን ኮዱን የያዙት ድርሻ ነበር።

አጥሩን ያፈረሰው በካርኔጊ ሜለን የነበረው ጄምስ አስፕነስ ነው። በ1989 ያወጣው ታይኒ ሙድ ለገባ ሁሉ የመገንባት መብት ሰጠ። ክፍል ልቆፍር ያለ ቆፈረ፣ በር ልክፈት ያለ ከፈተ፤ ዓለሙ አበጠና ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። በ1990 ፓቬል ከርቲስ የከፈተው ላምዳሙ ከዚህ የተማረ ይመስላል። ካሊፎርኒያ ያለውን የገዛ ቤቱን አስመስሎ ጀመረው፤ እንግዳ የሚገባው በኮት ቁም ሳጥን በኩል ነው። እዚያም ማንም ይገነባል፣ ግን በራሽን። ተጨማሪ ቦታ የፈለገ ሰው ተጫዋቾች የመረጡት ቦርድ ፊት ደጅ ይጠና ነበር። ቆይቶም ፊርማ ማሰባሰብና ድምፅ መስጠት መጣ። ጌም ብለው የጀመሩት ሰዎች ቀበሌ መሥርተው ቁጭ አሉ።

ከ1993 በኋላ ዱም ለተባለው ጌም ካርታ የሠሩትን ብዙ ሺህ እጆች እዘላቸዋለሁ፤ ካርታ ትተውልናል፣ ታሪክ ግን ጥቂት ነው።

ታሪክ የሚፈልግ ወደ ዌስኖዝ ይሂድ። ዴቪድ ኋይት በ2003 ያወጣው ይህ የጦር ስልት ጌም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ወስዶ መቀየርም ማከፋፈልም በፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ካርታውን ከፍተው ቢያዩት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ ሣሩ ሁለት ጂ፣ ውሃው ሁለት ደብልዩ፣ ተራራው ሁለት ኤም። ሰዓሊ ባይሆኑም በፊደል ወንዝ ያፈስሳሉ። ችግሩ ከወንዙ በኋላ፣ ብዙ ሰው ለጌሙ ታሪክ ሲጽፍ ነው። አንዱ ጸሐፊ የገደለውን ንጉሥ ሌላው በሕይወት ቢያስፈልገውስ? ለዚህ ከመንግሥቱ ምሥረታ የሚቆጥር የራሳቸውን ዘመን አቆጣጠር አበጁ፤ ታሪኩ የሚታረቀው በዚያ ነው። ዓመተ ዌስኖዝ ልበለው፤ ዓመተ ምሕረትና ፈረንጅ ሲያጣላን ለኖርነው እንግዳ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ታምሪኤል ሪቢልት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አለ። ቤቴስዳ የተባለው ኩባንያ ሞሮዊንድ የተባለውን ጌም በ2002 ሲያወጣ ዓለሙን የሠራበትን መሣሪያ አብሮ ሸጠ። ጌሙ የሚያሳየው አንዲት ደሴት ብቻ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ጌሙ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ በ2001፣ ቀሪውን ምድር እኛ እንሠራለን ብለው ተነሥተው ነበር። አንዱ ኮረብታውን ያወጣል፣ ሌላው የቤቱን ውስጥ ያደራጃል፣ ሦስተኛው ለመንደርተኛው ቃል ይሰጠዋል፤ በየመሀሉ ገምጋሚ አለ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በሰው መሬት ላይ ነው፤ ዓለሙ የቤቴስዳ ነው፣ እነሱም ሥራቸውን በነጻ ነው የሚሰጡት። ሃያ ዓመት አልፏቸው አሁንም አልጨረሱም።

እኔ ብመርጥ የዌስኖዙን እመርጣለሁ፤ እዚያ የተሠራውን ማንም ወስዶ ሊቀጥልበት ይችላልና። ለመሞከር ለሚፈልግ፦ ጌሙ ኮምፒውተር ላይ በነጻ ይጫናል፣ ካርታ መሥሪያውም አብሮት ይመጣል።