የአናጺው ጠረጴዛ በማን ቁመት ይሠራል?

ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የእንጨት ሥራ ጠረጴዛ ሠራሁ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ መጀመሪያ የፈለግኩት ቁጥር ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ሲባል ሰማሁ፤ ቆረጥኩ፣ ገጣጠምኩ፣ አለቀ። ሁለተኛውን ሳንቃ በመላጊያ ልጌ ሳልጨርስ ግን ትከሻዬ ተያዘ። እኔ እኮ አጭር ነኝ! ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ቁጥሩ? ይህን ለማወቅ ወደ ታሪኩ ገባሁ።

ጀርመን ውስጥ፣ ከፍራንክፈርት ብዙም በማይርቀው የሳልበርግ የሮማውያን ምሽግ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የአናጺ ጠረጴዛዎች ተገኝተዋል። ጠረጴዛ ከምንላቸው አግዳሚ ወንበር ብንላቸው ይቀላል፤ ቁመታቸው ወደ ጉልበት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተቀበረችው ሄርኩላኒየም በተገኘ የግድግዳ ሥዕል ላይም እንዲሁ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይታያል። ዝቅ ማለቱ ድህነት ወይም አለማወቅ አይደለም። እንጨቱ ላይ ትቀመጥበታለህ፣ በጉልበትህ ትጫነዋለህ፤ የገዛ ክብደትህ ሞርሳ ይሆንልሃል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ፓሪስ ላይ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ መጣ። የአናጺ ልጅ፣ ራሱም አናጺ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ስለ ሙያው ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም የሥራ ጠረጴዛውንም በሥዕል አስቀመጠ። ሰውየው የሚሠራው ቆሞ ነው። የላዩ ጣውላ ውፍረት ከ5 እስከ 6 ኢንች ስለሆነ ሲገፉት አይንቀሳቀስም። የፊት እግሮቹ ከጣውላው ጠርዝ ጋር እኩል ናቸው፤ ረጅም ሳንቃ በጠርዙ አቁመህ ስትልግ እግሮቹ ራሳቸው ይደግፉልሃል።

ያኔ መላጊያው ከእንጨት ነበር። ወፍራም ስለሆነ እጅን ከሳንቃው በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ዝቅ ማለት ነበረበት። በ19ኛው መቶ ዘመን ቀጠን ያለው የብረት መላጊያ ተስፋፋ። ቀጥሎ ማሽን መጣና ከባዱን የመላግ ሥራ ወሰደ። ለእጅ የቀረው ምልክት ማድረግ፣ በመሮ መጥረብ፣ መገጣጠም ሆነ። ይህ ደግሞ ዓይን ቀረብ እንዲል ይፈልጋል፤ ጠረጴዛውም ከፍ አለ።

ያ 90 ሳንቲ ሜትር እንግዲህ ስህተት አልነበረም። የሌላ ሰው ቁመት፣ የሌላ ዓይነት ሥራ መልስ ነበር። እኔ ማሽን የለኝም፤ ያለኝ መላጊያና መጋዝ ነው።

ስለዚህ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እጄን ወደ ታች ለቀቅኩ፣ ከወለሉ እስከ ትንሿ ጣቴ መጋጠሚያ ለካሁ፤ አናጺዎች ለመላግ የሚጠቀሙበት የቆየ መነሻ ነው። 76 ሳንቲ ሜትር መጣ። ከእያንዳንዱ እግር 14 ሳንቲ ቆረጥኩ። አሁን ስልግ የሚገፋው ወገቤና እግሬ ነው፣ ትከሻዬ አርፏል። ጥቃቅን ሥራ ሲሆን ደግሞ ላዩ ላይ ትንሽ ሳጥን አስቀምጣለሁ።

ልትሠሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት። እግር መቁረጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መቀጠል ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።