ሰዓቱ የተቆጠረለትና ያልተቆጠረላት

እህቶቼ፣ ጃፓኖች ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት ስም አላቸው፤ «ካሮሺ» ይሉታል። መጀመሪያ የራሳቸውን ሰዎች ሞት ነበር የሚጠሩበት፣ በኋላ ለውጭ ሠራተኛም ደረሰ።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ሙያ ተምራችሁ ትመለሳላችሁ» እያለች የእስያ ወጣቶችን ታስገባለች። ስሙ ሥልጠና ነው እንጂ ነገሩ የጉልበት ሥራ ነው። አሠሪ መቀየርም በጣም ከባድ ነበር (ከፋላን ለምናውቅ ይሄ አዲስ አይደለም)። ከነሱ አንዱ፣ የ27 ዓመት ፊሊፒናዊ፣ ጊፉ በሚባል አካባቢ ብረት በሚያቀልጥ ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ በ2014 ማደሪያው ውስጥ በልብ ችግር ሞተ። ወደ አገሩ ሊገባ ሦስት ወር ነበር የቀረው። የመንግሥት ቢሮ ሲያሰላው ትርፍ ሰዓቱ ብቻ በወር ከ78 እስከ 122 ሆነ። በ2016 ካሮሺ ነው ተባለ።

እሱስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቤት ውስጥ የምትሠራዋስ? የ1947ቱ የጃፓን የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። በ2015 አንዲት የ68 ዓመት ሴት ለአንድ ሳምንት ሰው ቤት እያደረች፣ ታማሚ እያስታመመች፣ የቤቱንም ሥራ እየሠራች ቆይታ ሞተች። በ2022 የቶኪዮ ፍርድ ቤት የማስታመሙን ሰዓት ብቻ ቆጠረ፤ የቤቱ ሥራ አልተቆጠረም። ባሏ ይግባኝ አለ። በ2024፣ እሷ ከሞተች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቤቱንም ሥራ ደምሮ ሞቷ ከሥራ የመጣ ነው ብሎ ፈረደላት።