ሴንሰሩ ሲሳሳት መምሰል፦ ሃርድዌርን በሞክ ስለመፈተን

ከሃርድዌር ጋር የሚነጋገር ሶፍትዌር አስቸጋሪው ባሕርይ፣ ፈታኙ መሣሪያውን ባሻው ጊዜ እንዲበላሽ ማድረግ አለመቻሉ ነው። ሽቦ ንባብ መሃል ላይ እንዲላቀቅ፣ ኃይል ለቅጽበት እንዲቋረጥ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ በመሣሪያው ቦታ እርሱን መስሎ የሚመልስ ኮድ፣ ሞክ፣ ይተካል። ሐሳቡን በስሙ ያስተዋወቁት ቲም ማኪነን፣ ስቲቭ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሞክ መጻፍ ያለበት ፕሮግራመሩ ከመሣሪያው ከሚጠብቀው ሳይሆን መሣሪያው በእርግጥ ከሚያደርገው ተነሥቶ ነው የሚል ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን የሙቀት ሴንሰር እንውሰድ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቆይ ማቀዝቀዣንም ይቆጣጠር። 5 ዲግሪ ብቻ የሚመልስ ሞክ ሙከራውን ያሳልፋል፤ ያረጋገጠው ግን አምስት አምስት መሆኑን ነው።

እውነተኛው ሴንሰር ኃይል ሲያገኝ መዝገቡ ውስጥ የሚገኘው 85 ዲግሪ ነው። ልኬት ሳያካሂድ ከተነበበ ይህንኑ ይመልሳል፤ የባይቶቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ኮድ፣ ሲአርሲውም፣ ትክክል ነው። 85 ሴንሰሩ ሊለካው የሚችል ሙቀት በመሆኑ ሴንሰሩን የሚያነበው ኮድ፣ ድራይቨሩ፣ በጅምላ ሊጥለው አይገባም። ከ5 ወደ 85 በአንድ ሰከንድ የሚዘል ማቀዝቀዣ ግን የለም። ይህን የመለየት ኃላፊነት የፕሮግራሙ ነው፤ ሞኩም 5፣ 85፣ 5 እያለ መመለስ አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። የመረጃው መስመር ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ከመሬት ጋር ቢገናኝ፣ የሚነበቡት ዘጠኝ ባይቶች ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ። ዘጠነኛው ባይት የስምንቱ ሲአርሲ ነው፤ የስምንት ዜሮ ባይቶች ሲአርሲ ራሱ ዜሮ ስለሆነ ማረጋገጫው ያልፋል፤ ውጤቱም 0 ዲግሪ ይባላል። ቁጥሩ የማይታመን አይደለም። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለው ክትባት በረዶ ሲሆን ስለሚበላሽ፣ ጤነኛ ክትባት በተበላሸ ሽቦ ምክንያት ሊጣል ይችላል። መውጫው አለ፤ በአምራቹ ሰነድ መሠረት ከዘጠኙ አንዱ የሆነው የቅንብር ባይት የታችኛዎቹ አምስት ቢቶች ምንጊዜም 1 ናቸው፤ ዜሮ ከሆኑ ንባቡ ውድቅ ነው።

እዚህ ላይ ሞኩ የሚቆምበት ቦታ ወሳኝ ይሆናል። "ሙቀት አንብብ" የሚለውን ተግባር ከተካ፣ ዘጠኙ ዜሮዎች ጭራሽ አይታዩም። ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ሬጂስተሮች ከወረደ ደግሞ ሙከራው ከአንድ ቺፕ ጋር ይጣበቃል። ተገቢው ቦታ ባይት የሚላክበትና የሚነበብበት፣ ፕሮግራመሩ ራሱ የሚቀርጸው ስስ ድንበር ነው።

ሰዓትም ሃርድዌር መሆኑ ይዘነጋል። በ12 ቢት ልኬት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሰዓቱን በሞክ ከተካነው ሙከራው ሳይጠብቅ ያልቃል፤ ድራይቨሩ ጊዜው ሳይደርስ ቢያነብም ይጋለጣል።

ሞክ የማይደርስበት አለ። ቢያንስ 480 ማይክሮሰከንድ መቆየት ያለበት የማስጀመሪያ ምት፣ የሽቦ ርዝመት፣ የተሳሳተ ሬዚስተር የሚታዩት በእውነተኛው መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ የድንበሩ ሙከራዎች በሞኩም በሴንሰሩም ላይ መካሄድ አለባቸው። ሴንሰሩ ያልጠበቅነውን ሲመልስ፣ ባይቶቹ እንዳሉ ተመዝግበው በማግስቱ የሞኩ መልስ ይሆናሉ።