ቅጥያ፦ የመረጃ ቋት አዲስ ሙያ ሲይዝ

የጋምቤላ ክልል ጤና ኬላዎች በአንድ ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል እንበል። በአንዱ ዓምድ ስማቸው፣ በሌላው ወረዳቸው፣ በቀሩት ሁለት ዓምዶች ኬንትሮሳቸውና ኬክሮሳቸው ሰፍሯል። ክረምት ገብቶ ባሮ መሙላት ሲጀምር የሚመጣው ጥያቄ አጭር ነው፤ ከወንዙ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት የትኞቹ ናቸው? ጥያቄው የቢሮ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሌይችዎር የስደተኞች መጠለያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነዋሪዎቹን በኋላ ወደ ጀዊ ማዛወር ግድ ሆኗል።

ተራ የመረጃ ቋት ለዚህ መልስ የለውም። መደመር፣ መደርደርና መቁጠር ይችላል፤ 34.58 ከ34.27 እንደሚበልጥም ያውቃል። ቁጥሮቹ ምድር ላይ ያለ ቦታ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረውም። ርቀት፣ ድንበር፣ የወንዝ ዳር የሚባል ነገር አያውቅም።

ይህን ያልነበረውን ችሎታ ከውጭ የሚያመጣለት ጭማሪ ኤክስቴንሽን ይባላል፤ በአማርኛ «ቅጥያ» እንበለው። «ማስፋፊያ» ተጨማሪ ዲስክ የተገዛ ያስመስላል፤ «ተቀጥላ» ደግሞ ቢነሳም ጉዳት የሌለው ትርፍ ነገር ይመስላል። ቅጥያን በሰዋስው ትምህርት ከቃል ጋር ተጣብቆ ትርጉሙን ለሚለውጠው ክፍል ስለምንጠቀምበት ለጆሮ አዲስ አይደለም። በባለሙያው አፍ ዛሬም የሚሰማው «ኤክስቴንሽኑን ጫንከው?» ነው፤ ያም ቢሆን ክፋት የለውም።

በቅጥያ ስሙ የገነነው ተዛማጅ የመረጃ ቋት ፖስትግሬስ ነው። የቦታ ስሌት የሚያስተምረው ፖስትጂአይኤስ የተባለ ቅጥያ እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ውስጥ ተወለደ። ያኔ እንዲህ ያለ ጭማሪ መጫን ማለት ረጅም የትእዛዝ ፋይል በእጅ ማስሮጥ ነበር፤ ለማንሳት ሲፈለግ ደግሞ የትኛው ፈንክሽን የማን እንደሆነ መለየት አበሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የፖስትግሬስ ስሪት 9.1 «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» የተባለውን ትእዛዝ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ቋቱ የቅጥያውን ንብረት በሙሉ በአንድ ስም መዝግቦ ይይዛል፤ በአንድ ትእዛዝ ይተክላል፣ በአንድ ትእዛዝ ይነቅላል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው መጫን ሁለት ጊዜ መሆኑ ላይ ነው። መጀመሪያ የቅጥያው ፋይሎች ሰርቨሩ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቋት ውስጥ ለብቻው ትእዛዙ ይሰጣል። በአንድ ሰርቨር ላይ የክትባትና የመድኃኒት ሁለት ቋቶች ቢኖሩ፣ ቅጥያው በክትባቱ መፈጠሩ ለመድኃኒቱ ምንም አይፈይድም። «ትናንት ጭኜው የለ እንዴ!» የሚለው ብስጭት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ነገሩ ከእኛ አገር ሥራ የራቀ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሶፍትዌር ሲሆን የሚሠራው በፖስትግሬስ ላይ ነው። የመጫኛ መመሪያው ገና ከመነሻው ሦስት ቅጥያዎች ይጠይቃል፤ ካርታ የሚያውቀውን ፖስትጂአይኤስን፣ ለፍለጋ ማውጫ የሚያገለግለውን ቢትሪ ጂንን እና ተቀራራቢ ጽሑፍ የሚፈልገውን ፒጂ ትሪግራምን። ወርሃዊ ሪፖርት የሚሞላው ባለሙያ እነዚህን በዓይኑ አያያቸውም፤ ማየትም አያስፈልገውም።

ቅጥያው ከተጫነ በኋላ ግን አገሩን ያውቃል ማለት አይደለም። ጋምቤላ ከተማ 34.58 ኬንትሮስና 8.25 ኬክሮስ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 38.74 እና 9.03። ፖስትጂአይኤስን በመካከላቸው ያለውን ርቀት ዝም ብለው ቢጠይቁት 4.23 ይላል። 4.23 ምን? ዲግሪ! ነጥቦቹን ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንዳሉ ቆጥሮ ነው የለካው። «ጂኦግራፊ» በሚባለው የዳታ ዓይነት እንዲያስብ ሲታዘዝ በአየር 465 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን በሜትር ያወጣል። ኬንትሮስ እንደሚቀድምም ማስታወስ ያሻል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጋምቤላ ቱኒዚያና አልጄሪያ የሚዋሰኑበት አካባቢ ሄዳ ታርፋለች።

ይበልጥ የሚያሳስተው የዩቲኤም ቀጠና ነው። የካርታ ሥራ ምድርን 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ቀጠናዎች ይከፍላል፤ አዲስ አበባ በ37ኛው ውስጥ ስላለች 37 የሚለው ቁጥር በብዙ የመሥሪያ ቤት አብነቶች ላይ ሳይጠየቅ ይገባል። ይሁንና 37ኛው የሚጀምረው ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ጋምቤላ ክልል፣ ከመዠንግ ዞን እስከ አኮቦ፣ በሙሉ ከዚያ በስተምዕራብ ነው፤ ቀጠናው 36 ነው። ለፖስትጂአይኤስ የሚሰጠው የቀጠናው ኮድ ቁጥር 32637 ሳይሆን 32636 መሆን አለበት ማለት ነው። በ37ኛው የተለካ የጋምቤላ ከተማ ርቀት በየኪሎ ሜትሩ 2.5 ሜትር ያህል ይተርፋል። ለአምቡላንስ ጉዞ ይህ ኢምንት ነው፤ ለይዞታ ማረጋገጫ ግን የጎረቤት አጥር ያስነሳል። ከዚህ የከፋው ግማሹ ሰንጠረዥ በ36 ግማሹ በ37 ሲሞላና ሁሉም አንድ ነው ሲባል ነው፤ ያኔ ነጥቦቹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይበተናሉ።

ሦስተኛው ቅጥያ፣ ትሪግራም፣ በጋምቤላ ስሞች ሲፈተን ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። አንዱ የስደተኞች መጠለያ በአንዱ ሪፖርት ፑኝዶ፣ በሌላው ፉኝዶ፣ በሦስተኛው ፒኙዶ ተብሎ ይጻፋል። ቅጥያው ቃሉን በሦስት በሦስት ፊደል ይከታትፈዋል፤ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ክፍት ቦታም ይጨምራል። ከዚያ ሁለቱ ቃላት የሚጋሯቸውን ቁርጥራጮች ከጠቅላላው ጋር ያነጻጽራል። ውጤቱ ከ0.3 በታች ከሆነ፣ ሌላ መለኪያ ካልተነገረው በቀር፣ አይመሳሰሉም ይላል።

ፑኝዶና ፉኝዶ በላቲን ፊደል ሲጻፉ እያንዳንዳቸው 8 ቁርጥራጭ ይወጣቸዋል፤ 5ቱን ይጋራሉ፣ ከ11 ማለት ነው፣ 0.45። ተገኙ። በእኛ ፊደል ግን ቃሉ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ 4 ቁርጥራጭ ይወጣዋል፣ የሚጋሩትም አንዱን ብቻ ነው፤ ከ7 አንድ፣ 0.14። ጠፉ። ፑ እና ፉ አናባቢያቸው አንድ መሆኑ ለቅጥያው ትርጉም የለውም፤ ለእሱ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። ፒኙዶማ በላቲኑም አይገኝም።

መለኪያውን ወደ 0.1 ዝቅ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን የማይገናኝ ስም ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። እኔ የምመርጠው ለስሙ ሁለተኛ ዓምድ አበጅቶ በላቲን ድምፁን መጻፍና ፍለጋውን በዚያ ላይ ማድረግ ነው። ቦታው የራሱ መለያ ኮድ ካለው ደግሞ በስም መፈለግ ራሱ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት።

የፈቃዱም ጉዳይ አለ። ከስሪት 13፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ፖስትግሬስ አንዳንድ ቅጥያዎችን «የታመኑ» ብሎ ለይቷል፤ የቋቱ ባለቤት ዋናውን አስተዳዳሪ ሳይጠብቅ ይጭናቸዋል። ትሪግራምና ቢትሪ ጂን ከእነዚህ ናቸው። ፖስትጂአይኤስ አይደለም፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው እጅ ይፈልጋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የሚጠይቀው ስልክ መደወል ብቻ አይደለም፤ ፖስትጂአይኤስ ብቻውን አይመጣም፣ ጂኦስ፣ ፕሮጅና ጂዳል የተባሉ ላይብረሪዎችን አስከትሎ ነው። በፍላሽ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉንም፣ ከሰርቨሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስሪትና ከፖስትግሬሱ ስሪት ጋር የሚገጥሙትን፣ መያዝ አለበት። ለ14 የተዘጋጀው ለ16 አይሆንም።

ይኸው ጣጣ ቋቱ ወደ አዲስ ስሪት በሚሸጋገርበት ቀን ይመለሳል። የአዲሱ ስሪት ቅጥያ አስቀድሞ ዲስኩ ላይ ካልተቀመጠ ሽግግሩ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት በየቋቱ ገብቶ የተጫኑትን ቅጥያዎች ከነስሪታቸው ማውጣት ይገባል፤ በፖስትግሬስ የትእዛዝ መስኮት ይህን የሚያወጣው ሁለት ፊደል ያላት ትእዛዝ ናት፣ ወደኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ቀድሟት ዲኤክስ።