አየሩ እስኪወጣ

ስለ ሞተር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ውድድሩ። የተፈታ ሞተር ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ፣ ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ ማኒኮቶው ከታሰረ በኋላ፣ የመጀመሪያው ውሃ በባዶው ራዲያተር ሲፈስ ስላለችው ሰዓት ግን ያነበብሁት ነገር ትዝ አይለኝም። እኔ ያችን ሰዓት ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ቸኮልሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛውን ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው፣ እንዲያውም ከዚያ እጅግ ርቆ ካለ ዘመን መነሣት ግድ ይለኛል።

መኪናዋ ላዳ ናት፤ ሃያ አንድ ዜሮ አንድ የምትባለዋ። ላዳን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን በሽተኛ፣ ስንቱን የመሸበት ሰካራም እንዳመላለሰች ከተማው ያውቃል። የእኛዋ በደርግ ዘመን የመጣች ናት። አባቴ በእርስዋ ሠርቶ አሳደገን፤ ሲያርፍም ትቶልን የሄደው ንብረት ቢቆጠር ከእርስዋ በፊት የሚጠራ አልነበረም።

ባረፈ በዓመቱ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ። አስቀየርሁት። ውሃውን ግን «ይህማ ምን ያስቸግራል» ብዬ ራሴ ሞላሁት፤ ራዲያተሩ አፍ ድረስ ሲመጣልኝ ክዳኑን ዘግቼ በማግስቱ ወደ ጎጃም ተነሣሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ደጀን መውጣት አለ። ሽቅቡን ስጀምር የሙቀቱ መርፌ ከፍ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ወረደ። በረደልኝ ብዬ ተደሰትሁ። አሁንም የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

መርፌው የወረደው ሞተሩ ስለ በረደ አልነበረም። ስሞላ ውስጥ የቀረው አየር ወደ ላይኛው ክፍል ተሰብስቦ ውሃውን ገፍቶት ነበር። የሙቀቱን ልክ የሚናገረው መሣሪያ በውሃ ውስጥ ካልተነከረ እውነቱን መናገር አይችልም፤ በአየርና በእንፋሎት ተከቦ ሲቀር ብረቱ እየነደደ እርሱ ደኅና ነው ይላል። የላዳ ቴስታታ ከአሉሚኒየም፣ ከሥሩ ያለው ብሎክ ደግሞ ከብረት የተሠራ ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ አብዝቶ ይለጠጣልና ሁለቱ በእኩል ካልቀዘቀዙ መለያየታቸው አይቀርም። ቴስታታው ተጣመመ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቀለ። የዘይቱን ክዳን ስከፍት ያየሁት መልክ ማኪያቶ ነበር። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ተመለሰች። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ከወቀሳ ይበልጥ ከበደኝ።

የሰው ልጅ በዚህ ነገር ሲቸገር እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 በርታ ቤንዝ የባልዋን ሥሪት ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስትጓዝ፣ ያ ሞተር የሚቀዘቅዘው ውሃውን አፍልቶ በማትነን ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋና ሁለት ልጆችዋ በየመንገዱ ውሃ እየቀዱ እንደ ተጠማ በቅሎ ያጠጡት ነበር። በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ የውሃ ቅጂ ጉዞ ነው። መላውን ያገኘው ቪልሄልም ማይባህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ ለተሠራው መርሰዲስ የማር እንጀራ የመሰለ ራዲያተር አበጀለት፤ 8,070 ቀጫጭን ቱቦዎች በአንድነት ተበይደው ነፋስ በመካከላቸው ያልፋል። በዚህም የሚያስፈልገው ውሃ ወደ 9 ሊትር ወረደ። የእኛዋ ላዳ ስንት ትይዛለች? 9.85 ሊትር። ከሰባ ዓመት በኋላ ልኩ እምብዛም ፈቅ አላለም።

ወደ እኛ አገር መኪና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና አመጣ። በዚያ አሸዋ ሰውም፣ ከብትም፣ ሞተርም ከአንድ ውሃ ይጠጡ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ በ1928 ዓ.ም. መኪናው በሌላ መልኩ መጣ፤ የፊያት የጭነት መኪናዎች ከወራሪው ጦር ጋር ገቡ። ጦሩ በአምስት ዓመት ሲወጣ ጋራዡ ቀረ፤ ቃሉም ቀረ። ካቻቪቴ፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፤ እነዚህን ቃላት ከመካኒኮቻችን አፍ ብታወጡ ሥራው ለግማሽ ቀን የሚቆም ይመስለኛል።

የሚደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። ላዳ የሩሲያ መኪና ናት እንላለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1966 የሶቪየት መንግሥት ከቱሪኑ ፊያት ጋር ተዋውሎ፣ በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተጠራች ከተማ፣ በቮልጋ ዳር፣ ፋብሪካ አቆመ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ከዚያ የወጣችው መኪና ፊያት 124ን መሠረት ያደረገች ነበረች፤ ሩሲያውያን ለመንገዳቸውና ለብርዳቸው እንድትሆን ሞተሩንም የኋላ ፍሬኑንም ለወጡ። ከጣሊያን የመጣው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አላረካቸውምና የራሳቸውን ሰማያዊ ፈሳሽ ቀምመው ቶሶል አሉት። እንግዲህ የአዲስ አበባ መካኒክ የሩሲያዋን ሞተር በጣሊያን ቃል ሲጠራ ተሳሳተ የሚል ቢኖር፣ የትውልድ ስምዋን ነው የጠራላት ብዬ እሟገታለሁ። ከጠላት የቀረ ቃልና ከወዳጅ የተገዛ ብረት እዚህ፣ በዘይት በወዛ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዘመድ ሆነው ተገናኙ።

አገራችን ለዚህ ታሪክ ያዋጣችው ደግሞ ከፍታዋን ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን በ92 ገደማ። ንፍሮአችን የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። የላዳ ሞተር በጤናው የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነውና ክዳኑ ካረጀ ለመፍላት የሚቀረው ርቀት ጥቂት ነው። ደኅና ክዳን ግማሽ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይዞ የመፍሊያውን ልክ ወደ 106 ከፍ ያደርገዋል። ቶሊያቲ ላይ እንደ ተራ ነገር የሚታይ ክዳን እዚህ ነፍስ ያድናል። አባቴ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ የክዳኑን ጎማ ግን በየክረምቱ ይለውጥ ነበር። በበርሜልም ከቆርቆሮው ጣራ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም ነበር። እኔ ከንቱ ድካም ይመስለኝ ነበር፤ የዝናብ ውሃ ግን ከጉድጓዱ ውሃ ይልቅ ማዕድኑ ያነሰ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ድንጋይ አይሠራም።

ሁለተኛው ጊዜ እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ተስተካከለ፤ ቶርነሪው ሲመልስልኝ «ከዚህ በኋላ የሚላጥ ሥጋ የለውም» አለኝ። ሌላ ቴስታታ ፍለጋ ያልዞርሁበት ሱቅ የለም፤ ያገኘሁት ሁሉ ከእኔው የባሰ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻዋ ዕድል ይህች ነበረች። ሥራውን የያዙት ሽማግሌ መካኒክ ዕቃውን ሁሉ ገጥመው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ጋሼ፣ ውሃውን ልሙላው?» ብላቸው ሳቁ።

«አንተ ባለፈው ሞልተህ የለ እንዴ? ዛሬ ተቀመጥና ቁጠር።»

መኪናዋን ገፍተን አፍንጫዋን ሽቅብ አቆምናት፤ አየር ወደ ላይ ይሄዳልና የራዲያተሩ አፍ ከሁሉ በላይ መሆን አለበት። የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ ተዘግቶ ቢሞላ በዚያ ውስጥ ያለው አየር መውጫ አያገኝም። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ቀጭን ጎማም ነቀሉ። የብሎኩ መፍሰሻ ተከፍቶ አሮጌው ውሃ ሁሉ ስለ ወጣ፣ የሚገባው ልክ የታወቀ ነበር። ግማሹ አንቲፍሪዝ፣ ግማሹ እናቴ በጀሪካን የላከችው የዝናብ ውሃ። ብርቱ ውርጭ በማያውቀው ከተማ አንቲፍሪዝ ለምን? የሚል ይኖራል፤ ዝገት ይከለክላል፣ የመፍሊያውንም ልክ ይጨምራል። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ውስጡ መርዝ ስለሆነ ግን የተረፈውን ከሕፃንና ከውሻ ማራቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ሊትር የዘይት ቆርቆሮ፣ እንደ ጠላ ቀጂ በዝግታ፣ ያፈስሱ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በየመካከሉ ቆመው ማኒኮቶውን በመዳፋቸው ይጨምቁታል፤ ከውስጥ የአረፋ ድምፅ ይመጣል፤ ውሃው ዝቅ ይላል። ሰባተኛው ላይ ራዲያተሩ ሞላ። እኔ ባለፈው የቆምሁት እዚህ ነው ማለት ነው።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ሦስቱስ የት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስቱ ሊትር አየር ነበር፤ ዓባይ በረሃ ድረስ ይዤው የሄድሁት።

ጠበቅን፤ ጨመቁ፤ ጨመርን። ስምንተኛው ከገባ በኋላ ከቀጭኗ ጎማ መጀመሪያ ትፍ ትፍ የሚል አረፋ፣ ቀጥሎም የጠራ ፈሳሽ ሳይቆራረጥ ወረደ፤ ያን ጊዜ ጎማዋን በቦታዋ መለሱ። ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን አስነሣሁት። እሳቸው ዐይናቸውን ከራዲያተሩ አፍ አላነሡም፤ እኔ ደግሞ ከመርፌው። መርፌው ቀስ ብሎ ወጣ፤ 80 አለፈ። አረፋ ሁለት ጊዜ ጎሉሕ ብሎ ወጣ፤ ውሃው ወረደ፤ ዘጠነኛው ገባ። የራዲያተሩ ሥር እስከዚያ ድረስ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር፤ በድንገት ሞቀ። ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው። መርፌው በዚያው ቆመ። በእግሬ በኩል ከማሞቂያው ትኩስ ነፋስ መጣ፤ ውሃው ወደዚያም ደርሷል።

«አሁን ወደ ደጀን ልሂድ?» አልሁ፤ መቀለዴ ነበር።

«ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከፍተህ ታየዋለህ» አሉኝ ሳይስቁ።

በማግስቱ ጠዋት በግቢያችን ኮፈኑን ከፈትሁ። እናቴ ጋቢዋን እንደ ተከናነበች ከደጃፉ ቆማ ትመለከተኝ ነበር። ውሃው ሦስት ጣት ያህል ጎድሎአል። ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ቀዳችልኝ፤ ከጣሳው ጥቂት ተረፈ።