አናን በበጀት ክፍል

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርሱን ይዞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቅ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ኮፊ አናንን ልጥቀስለት። ጋናዊው እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኔቫ ገብተው ይህንኑ ትምህርት ጀመሩ። በ1962 የዓለም ጤና ድርጅት ሲቀጥራቸው የያዙት ሥራ አስተዳደርና በጀት ነበር። ድርድር የለ፣ ኮክቴል የለ! ቀጥሎ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠሩ። በ1972 ከኤምአይቲ ማስተርስ ያገኙት በማኔጅመንት ነው። በ1974 ደግሞ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት ቱሪዝም መሩ። በ1997 የተመድ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ለዚያ ወንበር የተመረጡ የመጀመሪያው ሰው። የእኛ ተመራቂ ግን «የበጀት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ «የእኔ መስክ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል።