52356፦ ከሞት መዝገብ እስከ ሂሳብ ወረቀት

52356። እንደኔ ላለ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ይሄ ቁጥር መጀመሪያ ሲያዩት የዳታቤዝ መለያ ነው የሚመስለው። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ግን ሙሉ ታሪክ ነው፦ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ ፊኛን አልፎ፣ ወደ ኩላሊት በሚወስደው ቱቦ ወጣ፤ ጠጠሩን ሰባበረ፤ ቱቦው እንዳይዘጋ ስቴንት አስቀመጠ። ይህ ሁሉ በአምስት አሃዝ።

እኔ የምሠራው የክፍያ ጥያቄ ወደ ኢንሹራንስ ከመሄዱ በፊት ስህተቱን የሚለቅም ፕሮግራም ላይ ነው። አብዛኛው ሥራዬ «ይህ ቁጥር ከዚያኛው ጋር አብሮ ከመጣ አቁመው» የሚል ሕግ መጻፍ ነው። ሕጉን ለመጻፍ ስለ ኩላሊት ማወቅ እንኳ ግድ አይደለም። ግን አንድ ነገር እየቆየ ይከነክነኝ ጀመር፤ ጠጠር መስበርና ስቴንት ማስቀመጥ አንድ ሥራ ናቸው ወይስ ሁለት? ማነው የሚወስነው?

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት የሁለት ቁጥሮችን ታሪክ ነው። አንዱ ቁጥር ሕመሙን ይናገራል፣ ሌላው የተሠራውን ሥራ። ክፍያ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

የሕመሙ ቁጥር ሥሩ የሞት መዝገብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ስንት ሰው በምን እንደሞተ የሚዘረዝር ወረቀት በየሳምንቱ ይታተም ነበር። ሰዉ ወረርሽኝ መግባቱን የሚያውቀው ከዚያ ነው። ጆን ግራንት የተባለ ነጋዴ የብዙ ዓመታቱን ወረቀት ሰብስቦ፣ ደምሮና አነጻጽሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 መጽሐፍ አወጣ። በግራንት ሠንጠረዥ ውስጥ የጠጠር ሕመም ሽንት እያቃጠለ ጠብ ጠብ ከሚልበት ሕመም ጋር በአንድ መስመር ተጽፏል። ልብ በሉ፣ ያኔም ቢሆን ሁለቱ ነገሮች አንድ መስመር ይሁኑ ብሎ የወሰነ ሰው ነበረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ዊሊያም ፋር የሞት ምክንያቶችን በሥርዓት ለመመደብ ደከመ። ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ፣ አገሮች በጋራ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ዝርዝር ለስታቲስቲክስ ሰዎች ጉባኤ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝሩን ሲረከብ፣ ሰው የሚሞትበት ብቻ ሳይሆን የሚታመምበትም ምክንያት ገባበት። አሜሪካ አሥረኛውን እትም ለሕክምና ሂሳብ መጠቀም የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2015 ነው። በዚህ እትም የኩላሊት ጠጠር «ኤን20.0» ይባላል። ይህን መስመር ያቆዩት ሰዎች ጥያቄያቸው «ሰው በምን ይሞታል?» ነበር። ዋጋ የሚባል ነገር በሐሳባቸውም አልነበረም።

የሥራው ቁጥር ግን ከመጀመሪያውም ከሥራና ከክፍያ ጋር የተያያዘ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ታወጀ። በዓመቱ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሲፒቲ የተባለውን የሕክምና ሥራዎች ዝርዝር አሳተመ። የመጀመሪያው እትም በአብዛኛው የቀዶ ሕክምና ነበር፤ ቁጥሮቹም ባለ አራት አሃዝ። አምስተኛው አሃዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 መንግሥት ሜዲኬር ለሐኪም የሚከፍለውን በዚሁ ዝርዝር እንዲሆን አደረገ። ለኔ እስካሁን የሚገርመኝ፣ የዝርዝሩ የቅጂ መብት ዛሬም የማኅበሩ መሆኑ ነው። ሕጉ ተጠቀሙበት ይላል፤ ፕሮግራምህ ውስጥ ልታስገባው ስትል ግን ፈቃድ ትገዛለህ።

ዋጋውስ? ለረጅም ጊዜ ሜዲኬር የሚከፍለው ሐኪሞች በተለምዶ የሚጠይቁትን መሠረት አድርጎ ነበር። ከዚያ የሐርቫርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ዊሊያም ሻው ከባልደረቦቹ ጋር መጣ። የምህንድስና ተማሪ የሚወደው ዓይነት ጥያቄ ነው ይዞ የመጣው፤ ለሐኪሞች «ይህ ሥራ 100 ቢሆን ያኛው ስንት ይሆናል?» አላቸው። ጊዜው፣ ድካሙ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ነጥብ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1992 ጀምሮ ለሐኪሙ ሥራ፣ ለክሊኒኩ ወጪና ለጥፋት መድን የተሰጡት ነጥቦች ተደምረው በዶላር ይባዛሉ። በቃ፣ ቀመር ነው። ቀመሩ ግን ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። ነጥቦቹ እንዲሻሻሉ ምክር የሚሰጠው ኮሚቴ በዚያው በሐኪሞች ማኅበር የተቋቋመ ነው፤ ስፔሻሊስቶች ይበዙበታል የሚል ወቀሳም አልተለየውም።

አሁን ወደ 52356 እንመለስ። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ጠጠር መስበሩ 52353፣ ስቴንት ማስቀመጡ 52332 ተብለው ለየብቻ ይጻፉ ነበር። አብረው የሚሠሩበት ጊዜ ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁለቱ አንድ አዲስ ቁጥር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ወገን ኩላሊት ሁለቱን አሮጌ ቁጥሮች ጎን ለጎን መጻፍ ስህተት ሆነ፤ እኔ የምጽፈው ፕሮግራምም እዚያ ላይ ያቆማል። ጠጠሩ ያው ጠጠር ነው፤ የሐኪሙ እጅም ያው ነው። የተቀየረው አቆጣጠሩ ነው።

ይሄ የቢሮ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ የአጎቴን ነገር ልንገረው። ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ፕሮስቴታቸው አብጦ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነሱ ነበር፤ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ቁጥሩ 52601። ከሳምንታት በኋላ ኢንሹራንሱ አልከፍልም የሚል ደብዳቤ ላከ። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ አይደል? እስቲ ይሄን አንብብልኝ» አሉኝ። ሳየው የሥራው ቁጥር ትክክል ነው። የሕመሙ ቁጥር ግን ኤን40.0 ይላል፤ ፕሮስቴቱ አብጧል፣ ሽንት ላይ ግን ምንም ችግር የለም ማለት ነው። መሆን የነበረበት ኤን40.1 ነው። በአንድ አሃዝ ልዩነት፣ እንቅልፍ ያጡባቸው ሌሊቶች በሙሉ ከወረቀቱ ጠፍተዋል።

«ታዲያ እኔ ያለ ሕመሜ ነው የተቀደድኩት?» አሉ አጎቴ። እንደ ወረቀቱ ከሆነ፣ አዎ። ሐኪሙ ማስታወሻው ላይ ሁሉንም በትክክል ጽፎታል። ቁጥሩን የሞላው ቢሮ ጋ ደወልን፤ ተስተካክሎ እንደገና ተላከ፤ ተከፈለ። ልጅ ወይ ዘመድ አጠገቡ የሌለው፣ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሽማግሌ ቢሆን ግን ከኪሱ ይከፍል ነበር።

እኛ ዴቨሎፐሮች «ዳታ እውነታን ይገልጻል» ማለት እንወዳለን። ይሄ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየኝ። ለምስክርነት የተጀመረ ቁጥር ቀስ በቀስ ፈራጅ ሆኗል። ባለ ሕመሙ ደግሞ ቁጥሩን የሚያየው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ያውም ካየው።

ስለዚህ እዚያ አገር እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ ሂሳብ ሲመጣ ድምሩን ብቻ አትዩ። ቁጥሮቹ ያሉበትን ዝርዝር ጠይቁ፤ የሂሳብ መዝገብን ማየት በሕግ የተፈቀደ የታካሚ መብት ነው። የሥራውን ቁጥር ከተሠራላቸው ጋር፣ የሕመሙን ቁጥር ደግሞ ለሐኪሙ ከነገሩት ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ።